ሬይኖ በነፃ የሰጠው ጀልባ

ሬይኖ አሮጌ የአልሙኒየም ጀልባውን በምራቱ መኪና አስጎትቶ መጣና «ውሰደው፤ ምንም አልፈልግም» ብሎ ጎረቤቱ አርደን ግቢ ጥሎት ሄደ። አርደን በሰሜን ሚኒሶታ ሐይቅ ዳር ሰባ አንድ ዓመት ሲኖር ጀልባውን በነፃ የሚሰጥ ሰው አይቶ አያውቅም። እርግጥ የራሱ ጀልባ በዚህ ክረምት በረዶ የጫነው ጣሪያ ወድቆበት ተጨፍልቋል። ይህን ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ቦታዬን ፈልጎ ነው» አለ ለሚስቱ ለማርሊስ።

ቦታው ሐይቁ ውስጥ ትልልቁ ዓሣ የሚገኝበት ነው። አባቱ ነው ያሳየው። አርደን ግን ለገዛ ወንድሙ እንኳ አላሳየም። እዚያ መልሕቅ ከመጣሉ በፊት አንገቱን አዙሮ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ሰው ካየ ዓሣ የሌለበት ሄዶ ተጎልቶ ይውላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይዘኸው ልትቀበር ነው?» አለችው ማርሊስ።

«ዓይነ ስውር ከተገኘ አሳየዋለሁ።»

አርደን የሚያፈሰውን ሊለይ ጀልባውን ተጎታቹ ላይ እንዳለ ውሃ ሞላውና ከሥሩ ገብቶ ተንጋለለ። የአልሙኒየም ሉሆቹን ካያያዙት ሪቬት ከሚባሉት ችንካሮች ዐሥራ ዘጠኙ ያንጠባጥባሉ። አንድ በአንድ በቀይ ቀለም ከበባቸው። ሬይኖ ሆን ብሎ ያላላቸው መሰለው። ለምን ያላላቸዋል ቢባል ግን መልስ የለውም።

ሬይኖ በየቀኑ በእግሩ ይመጣል፤ በጭስ ያደረቀውን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ። «ለመክፈቻው ይደርሳል?» ይላል ሁልጊዜ። ማጥመድ የሚፈቀድበት ወቅት ሊከፈት አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

«አንተን ምን አጣደፈህ?»

«ኧረ ምንም።»

አርደን ዓሣውን እየበላ ሰውየውን ጠረጠረው።

ችግሩ፣ ሪቬት ማጥበቅ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ከውስጥ በመዶሻ ሲመታ፣ ሌላው ከውጭ ድፍን ብረት ደግፎ መያዝ አለበት። የማርሊስ የእጅ አንጓ አምና ተሰብሮ አልጠናም። አርደን እየመረረው ሬይኖን ከሥር አስገባው።

«ቀይ የተከበበው ላይ ያዝ!» አለ ከውስጥ ሆኖ። ብረቱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ኳኳ አለ። «እዚያ አይደለም!» አሁንም ሌላ ቦታ ኳኳ አለ። አርደን ደሙ ፈላ። ሊያበላሽብኝ ነው የመጣው ብሎ ወርዶ ጎንበስ ሲል፣ ሬይኖ ቀዩ ክብ አፍንጫው ሥር እያለ አልሙኒየሙን በጣቶቹ ይዳብሳል።

«ይሄ ቀይ አይታይህም?»

ሬይኖ ብረቱን ደረቱ ላይ አኖረ። «ከገና ወዲህ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የማየው። ለማንም እንዳትናገር።»

አርደን በጣም አፈረ። «ታዲያ ዓሣ ላጥምድ፣ ይዘኸኝ ውጣ አትለኝም ነበር?»

«ብዬህ ቢሆን፣ ቦታዬን ፈልገህ ነው ትለኝ ነበራ!»

አርደን የሬይኖን ጣት ይዞ ሪቬቱ ላይ አሳረፈና ወደ ጀልባው ተመልሶ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐሥራ ዘጠኙንም ጨረሱ።

በመክፈቻው ጠዋት ሬይኖን ፊት ለፊት አስቀምጦ ቀዘፈ። ጠብታ ውሃ አልገባም። ቦታው ሲደርስ እንደ ልማዱ አንገቱን አዙሮ ቃኘ። ማንም የለም። የት እንደደረሱ ግን አልተናገረም፤ እንዲህም ሆኖ አፉ እሺ አላለውም።

«ጫፉ የተሰበረው ጥድ ከውሃ ማማው ጋር በአንድ መስመር ገጥሟል?» አለ ሬይኖ።

አርደን የመልሕቁን ገመድ እንደያዘ ደረቀ። «ማን ነገረህ?»

«ሠላሳ ዓመቴ ነው ካወቅሁት። እዚህ ስትደርስ ነው አንገትህን የምታዞረው።»

«አንድ ቀን እንኳ እዚህ ስታጠምድ አይቼህ አላውቅም!»

«ቦታው ያንተ ነዋ።»

አርደን ቀና ብሎ ጥዱን አየ።

«ገጥሟል» አለው።