የጭቃዋ እማሆይ

የአያቴ እህት፣ እማሆይ፣ ቀሚሳቸውን ሳያወልቁ ነበር ገላቸውን የሚታጠቡት። "ስሞት ማንም እንዳያጥበኝ፤ እንደለበስኩ ቅበሩኝ" ሲሉ እንስቅ ነበር። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ!

አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ያደግሁት እሳቸው ቤት ነው። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ስማር ለመመረቂያዬ ቅርጻ ቅርጽ ልሠራ ክረምቱን ተመለስኩ። የሰው ገላ ነው የምሠራው ስላቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡኝም። ኋላ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ አንድ መኮንን ልብሳቸውን አስወልቆ፣ በሜትር ለክቶ፣ ፎቶ እንዳነሳቸው ነገሩኝ።

"ፎቶ አይበሰብስም" አሉ። "እኔ አፈር ስሆን የፎቶዋ ልጅ ጣሊያን አገር ራቁቷን ቆማ ልትቀር ነው። በይ የምትበሰብስ አርገሽ ሥሪኝ።"

ገላቸውን አላሳዩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የእህል ጎታ እንደሚሠራው፣ ጭቃ በእበትና በገብስ ጭድ አቡክቼ፣ እየደረብኩ እያደረቅሁ፣ አንዲት ራቁቷን የሆነች ልጅ ጓሮ አቆምኩ። ዝናብ ያፍርሳት ብዬ ሳልሸፍን ተውኳት።

ዝናቡ መጣ፤ አልፈረሰችም። ጭራሽ በቀለች! ጭዱ ውስጥ ፍሬ ቀርቶ ኖሯል። ግን ሌላው ገላዋ ጭቃ እንደሆነ፣ ከግራ ጡቷ ሥር ብቻ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ፣ ገብሱ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። ወይ ጉድ! ጭዱን እኮ አንድ ላይ ነው ያቦካሁት።

እማሆይ አዩዋትና እጃቸው ወደ ግራ ጎናቸው ሄደ።

"ማን ነገረሽ?"

"ምኑን እማሆይ?"

"ሕፃን ሆኜ እሳት የበላኝ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው በአለንጋው እየነካካ ጓደኞቹን ያሳቀብኝ ይሄን ነው።" ቀጥለው "እንግዲህ አይተሽኛል። የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ" አሉ።

መስከረም ሳይጠባ አረፉ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን አጠብኳቸው። ጠባሳው ልክ እዚያው ነበር፣ መዳፍ የሚያህል። እያለቀስኩ በቀስታ አጠብኩት። ጓሮ ስወጣ ልጅቷ ፈርሳ የጭቃ ክምር ሆናለች። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጠብታ ዝናብ አልጣለም።

አዲስ አበባ ስመለስ መምህሬ "ሥራሽ የታለ?" አለኝ።

"ፈረሰች።"

"ታዲያ ፎቶዋን አምጪያ!"

"አላነሳኋትም" አልኩት። በዚያ ዓመት አልተመረቅሁም።