«ሰላም ነው» ያለው ኡትባን

እኛ ኢድ መንደር ሁለት አፋሮች ከተገናኙ ዳጉ፣ ማለትም ዜና፣ ሳይቀያየሩ አይለያዩም። ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ ነፋሱ፣ የወለደችው፣ የታመመው፣ ሁሉም በተራው ይነገራል። መጀመሪያ ግን «ሰላም ነው» ይባላል። ቤት እየተቃጠለም ቢሆን በሰላም ተጀምሮ ነው ወደ እሳቱ የሚደረሰው።

ኡትባን ብቻ ይህን ትቷል። ዜና ሲጠይቁት ክፉውን ያስቀድማል። ጎረምሶቹ በባሕሩ ዳር መረቡን ሲጠግን ያገኙትና፣

«ኡትባን፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ይሉታል።

«አንተ ገና ነህ እንዴ?» ይላል፣ ቀና ሳይል።

ኡትባን የአክስቴ የሞሚና ባል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ሞሚናን ሆዷን ቀኝ ጎኗ ላይ ቆርጦ ያዛት። ሐኪም ያለው ከባሕሩ ማዶ፣ ሆዴይዳ ነው። ጎህ ሲቀድ በሞተር ጀልባው ውስጥ ከሸራ ሥር አስተኝቷት ተነሣ። ወንድሟ ያዮ፣ ማለትም አባቴ፣ አብሯቸው ሄደ።

ሞተሩ ያረጀ ነው። ግሎ ከጠፋ፣ እስኪበርድ አይነሣም።

ባሕሩን ካጋመሱ በኋላ ከበይሉል ወደ ደሴቶቹ የሚያቀና ጀልባ አገኙ። የበይሉሉ ሽማግሌ ሐጂ ጋአስ ቆመው፣ ለዜና ቁሙ ሲሉ ጥምጣማቸውን አውለበለቡ።

«ካጠፋሁት አይነሣልኝም» አለ ኡትባን።

«አጥፋው» አለች ሞሚና ከሸራው ሥር። «በይሉል እናቴ አለች። ዜናዋን ልስማ።»

«ሐኪሙ ይቅደም፣ አንቺ ሴት።»

«ሐኪሙ እናቴን አያውቃትም።»

አጠፋው። ሐጂ ጋአስም አጠፉ።

«ልጄ፣ ዜና?»

«ሰላም ነው።»

«ቤተሰብስ?»

«ሰላም ነው።»

ከዚያ ታላቅ ናቸውና ሽማግሌው ቀደሙ። በይሉል ዘንቧል። የሞሚና እናት ደህና ናት፤ ፍየሏ መንታ ወልዳላታለች። ኡትባን ተራውን ይጠብቃል። ሐጂ ጋአስ ግን ድንገት ወደ ሰሜን አዩ።

«ነፋስ እየመጣ ነው፣ አንዘግይ። የእናንተው ሰላም ከሆነ ይበቃናል።»

ኡትባን አፉን ሲከፍት የሽማግሌው ሞተር ጮኸ። ኡትባንና አባቴ ጥምጣማቸውን ፈተው እያውለበለቡ ተጣሩ። ሐጂ ጋአስም መሰነባበት መስሏቸው የራሳቸውን እያውለበለቡ ራቁ።

የሞተሩን ገመድ እየተቀባበሉ ሳቡ። የኡትባን መዳፍ ተላጠ። ነፋሱ መጥቶ ወደ ጎን ይገፋቸው ጀመር።

«እናቴ ደህና ናት አሉ አይደል?» አለች ሞሚና።

«ደህና ናት።»

«ፍየሏም ወለደች።»

«መንታ።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ሞተሩ ሲነሣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ አባቴ ፊቷን በሸራው ሸፍኖት ነበር። ሆዴይዳ የደረሰችው ለመቀበር ነው።

ሲመለሱ መንደሩ ባሕሩ ዳር ወጥቶ «ዜና?» አለ።

«ሞሚናን ቀብሬያታለሁ» አለ ኡትባን። ሰው ሁሉ ሰላሙን ጠበቀ። አልጨመረም።

ሐጂ ጋአስ ለልቅሶ መጡ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና፣

«ልጄ፣ ጎትቼ ሆዴይዳ አደርሳት ነበር። ምነው ሳትነግረኝ?» አሉ።

«ጠይቀውኝ ነበር፣ ሐጂ» አለ ኡትባን። «ሰላም ነው አልኩዎ።»