ጆሮዬ ጭው ሲል የጠረጠርኳት ጎረቤቴ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ድምፅ ማጉያውን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ፣ ጩኸት በቅቶኛል። ጌታ ለጆሮዬ ያደረገውን ልመሰክር ነው የቆምኩት። ግን ስለ ቅናቴ ካልተናገርኩ ምስክርነቱ ጎዶሎ ይሆናልና ታገሱኝ። ስሙ ይባረክ!

እዚሁ አዳማ ወፍጮ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ውስጥ ጭውውው ይላል፣ እስኪነጋ አያቆምም። እናቴ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ "ጆሮሽ ጭው ካለ ሰው እያማሽ ነው" ትለኝ ነበር። የሚያማው ሰው ስም ሲጠራ ጩኸቱ ይተዋል ይባላልና፣ ማን ይሆን ብዬ የማውቀውን ሰው ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። "ጫልቱ" ስል ቀነስ ያለ መሰለኝ። በቃ፣ ተገኘች!

ጫልቱ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ባሏ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ የእኔው ጥሎኝ ከሄደ ቆይቷል። የእሷው ባል ቬንትሌተር ገዛላት። በዚህ ሙቀት እኔ በካርቶን ሳራግብ የእሷ ቬንትሌተር በግድግዳው በኩል ሽርርር ሲል ይሰማኛል። ወገኖቼ፣ አልዋሽም፣ ቀናሁ! በባሏ ቀናሁ፣ በቬንትሌተሯ ቀናሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን በእንቅልፏ ቀናሁ። ጠዋት ፊቷ ወዝቶ ትወጣና "አካም ቡልቴ?" ትለኛለች። እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፤ እኔ ግን ደህና እንዳላደርኩ እያወቀች የምትሳለቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ገነፈልኩ። ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ "ሌሊቱን ስታሚኝ አድረሽ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"እኔ? ማን ነገረሽ?"

"ጆሮዬ ነገረኝ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጫልቱ ግን አልሳቀችም። "ጆሮሽን ያምሻል እንዴ?" ብላ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የሰደብኳት ሴት!

ሐኪሙ ጆሮዬን በመብራት አየ፣ መስማቴንም መረመረ። "ሥራ ላይ ጆሮሽን በምን ትሸፍኛለሽ?" ሲለኝ "በሻሽ" አልኩት። የሐሜቱን ነገር ስነግረው ፈገግ አለና፣ "እንግዲያ የሚያማሽ ወፍጮው ነው" አለኝ። "ጩኸቱ ጆሮሽን ጎድቶታል። ቀን በጫጫታ ይሸፈናል፣ ማታ ጸጥ ሲል ይጎላል። ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት የለኝም። ሥራ ላይ ደህና መሸፈኛ አድርጊ፣ በክብሪት እንጨት አትጎርጉሪው፣ ስትተኚም ለስለስ ያለ ድምፅ አጠገብሽ ይኑር።"

ለስለስ ያለ ድምፅ ከየት ላምጣ? ያን ዕለት ማታ በሬ ተንኳኳ። ጫልቱ ቬንትሌተሯን ታቅፋ ቆማለች።

"አንቺስ በዚህ ሙቀት?" አልኳት።

"እኔ መተኛት አያቅተኝም" አለች። ከዚያ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ "ስምሽን ግን እውነትም አነሳ ነበር። ስትገላበጪ ይሰማኛል። ግድግዳው ሥር ተንበርክኬ ጌታ ሆይ፣ እባክህ አስተኛት እለው ነበር።"

ሃሌሉያ! እኔ ስረግማት እሷ ስሜን የምታነሳው ለካ በጌታ ፊት ነው! ቅዱሳን፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። በአምላኳ ቀናሁ! ለጠላት የሚያስጸልይ አምላክ ለእሷ ብቻ ለምን ይሆናል? "ይህን ጌታ እኔም እፈልገዋለሁ" አልኳት፤ እዚያው ደጃፌ ላይ አብረን ተንበረከክን። ዕድሜ ልኬን ስቀና የጠቀመኝ ያ ቅናት ብቻ ነው።

ጆሮዬ ዛሬም ጭው ይላል፣ አልደብቃችሁም። ቬንትሌተሩ ሽር ይላል፣ እኔም እተኛለሁ። ጭው ሲልብኝ አሁን ስም የምጠራው ለጸሎት ነው፤ ከጫልቱ እጀምራለሁ። ጆሮው የሚጮህበት ካለ ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ጎረቤቱን አይርገም። ልቡ የሚጮህበት ደግሞ ወደ ጌታ ይምጣ፣ እሱ አያሳፍርም።

ዛሬ ጠዋት ጫልቱ እንደ ልማዷ "አካም ቡልቴ?" አለችኝ። ያቻትና፣ ከፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች። ስንት ዓመት ሙሉ በራሷ ቋንቋ መልስ ነፍጌያት ኖሬ፣ ዛሬ መለስኩላት፦ "ነጋን ቡሌ፣ ገለተ ዋቃ!" በሰላም አደርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!