ቶርዩስ በየት በኩል ገባ?

ወሬው እንዲህ ይላል። ከኖርዌይ በተማሪ ልውውጥ የመጣው ያ ረዥም ልጅ፣ ቶርዩስ፣ በገና ዕለት የከተማውን ኳስ ሹራቡ ውስጥ ሸሸጋት። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ በዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሀል አለፈ። ወደቡ ጋ ሲደርስ ከነጫማው ባሕር ገባ፣ እየዋኘ አገሩ ቤርገን ድረስ ሄደ፣ ኳሷን ለእናቱ አሳየ፣ ለእራት ደግሞ ተመለሰ።

ይህ ወሬ ሪታ ካፌ ውስጥ ሲወለድ ትንሽ ነበር፤ መጀመሪያ ልጁ የዋኘው እስከ ማዶው ደሴት ብቻ ነው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ የባሕሩን ግማሽ ጨረሰ። ዓሣ አጥማጆቹ ገብተው ሻይ ሲያዙ ቤርገን ገባ። ሌላ ዙር ሻይ ቢታዘዝ ኖሮ ሰሜን ዋልታ ነበር የምናገኘው።

እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ቶርዩስን አውቀዋለሁ። ሾርባ በሳህን ውስጥ ሲወዛወዝ ካየ ፊቱ የሚገረጣ ልጅ ነው። አያቶቹ በቀዘፋ ዓለምን ያሸበሩ መሆናቸውን ሲነግሩት «እኔ የወጣሁት በእናቴ በኩል ነው፤ እነሱ ተራራ ላይ ፍየል ጠባቂዎች ነበሩ» ይላል።

ነሐሴ ላይ ወደ ደሴታችን ወደ ኦርክኒ በመርከብ ሲመጣ ባሕሩ ፀጥ ብሎ ነበር። ውሃው ላይ ሳንቲም ቢቆም አይወድቅም ነበር። ቶርዩስ ግን ወደቀ። የተቀበሉት ባልና ሚስት ኤድዊንና ኢዞቤል ድሬቨር ከመርከቡ ደግፈው አወረዱት። ኤድዊን የበግ መኖ ነጋዴ ነውና ልጁን በመኖ ማመላለሻ ቫኑ ጀርባ፣ ጆንያዎቹ ላይ አጋደመው። ኢዞቤል ፊቱ ድረስ ብርድ ልብስ አለበሰችው። ቤት ሲደርሱ ተሸክመው አስገቡት፤ እስከ ማግስቱም ተኛ። ያ ብርድ ልብስ አንድ ቀን ከተማውን ለሁለት እንደሚከፍል ማን አወቀ?

ከዚያ በኋላ ልጁ ደሴቱን ለመደ፤ ደሴቱም እሱን። በመጀመሪያው ሳምንት ባርኔጣውን ነፋስ ወሰደበት።

«ኢዞቤል፣ ዛሬ ማዕበል አለ መሰለኝ» አላት፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ።

«የምን ማዕበል? ልብስ የማሰጣበት ቀን ነው» አለችው።

ባርኔጣው በኋላ ማዶው ደሴት ላይ አንዲት በግ ለብሳው ተገኘች ይባላል። ባትለብሰውም አጠገቡ ነበረች።

እዚህ መንገድ ላይ የሚተላለፉ ሾፌሮች ከመሪው አንዲት ጣት ብቻ ብድግ አድርገው ሰላም ይባባላሉ። ቶርዩስ ከኤድዊን ጎን ተቀምጦ ሙሉ እጁን አውጥቶ ሲያውለበልብ መኪናው ሁሉ እየቆመ «ምን ደረሰባችሁ? ማን ሞተ?» ይል ጀመር። ኤድዊን ለአንድ ወር ያህል ጣት አስተማረው።

የከበደው የዛፍ እጦት ነበር። እኛ ጋ ነፋሱ ዛፍ አያስቀምጥም። እና ታኅሣሥ ላይ ከኖርዌይ በየዓመቱ የሚላክልን ጥድ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲቆም፣ ቶርዩስ ሄዶ ግንዱን አቀፈና «አገር ቤት እንዴት ነው?» አለው። የካፌዋ ባለቤት ሪታ በዓይኔ አየሁ ብላ ምላለች። ጥዱ ምን እንደመለሰ ግን አልሰማችም።

ያኔ ነው ስለ ኳሷ የሰማው። ኳሳችን ቡሽ የተጠቀጠቀባት የቆዳ ኳስ ናት፤ በገና ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ትወረወራለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያሉት ላይኞች፣ ከበታች ያሉት ታችኞች ናቸው። ላይኞች ኳሷን ሽቅብ ገፍተው ከአሮጌው ግንብ ማዕዘን ጋር ያላትሟታል፤ ታችኞች ቁልቁል ገፍተው ወደቡ ውስጥ ይነክሯታል። ሌላ ሕግ የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ቀድመው የሚቆጡት ጌቶቹ ናቸው። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ሸሚዙን ቀዶ ይገባል። ሱቆች መስኮታቸውን በሳንቃ ይደፍናሉ። ኤድዊን ላይኛ ነው፣ ኢዞቤል ታችኛ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት በፍቅር ኖረዋል። በገና ዕለት ግን ከቁርስ ጀምሮ አይነጋገሩም፤ «ጨው አቀብለኝ» እንኳን የሚባለው በውሻው በኩል ነው።

ቶርዩስ የልውውጥ ጊዜው በጥር መጀመሪያ ያበቃል። ይህ ገና ካለፈው ሌላ የለውም። ሪታ ካፌ ገብቶ ሽማግሌው ማንሲ ፎቢስተር ፊት ቆመ። ማንሲ በወጣትነታቸው በኳሷ ጨዋታ ያሸነፉ፣ ዛሬ ጉልበታቸው የአየር ትንበያ የሚናገር ሰው ናቸው። የጨዋታው ክርክር ሁሉ የሚያልቀው እሳቸው ጋ ነው።

«መጫወት እፈልጋለሁ» አላቸው።

«ጎሽ! ጥርስህ የራስህ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ተሰናበተው። የማን ወገን ነህ?»

«እንዴት ነው የሚታወቀው?»

«እዚህ ለተወለደ በተወለደበት ነው። መጤ ከሆንክ መጀመሪያ ወደ ከተማው በገባህበት ነው። በኮረብታው መንገድ ከገባህ ላይኛ፣ በባሕሩ ዳር ከገባህ ታችኛ። በየት በኩል ገባህ?»

«አላውቅም» አለ ቶርዩስ። «ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ።»

መርከቡ የሚያራግፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ኮረብታው፣ አንዱ ወደ ባሕሩ ዳር።

«ወገን የሌለው አይጫወትም» አሉ ማንሲ። «ከሳንቃው ኋላ ከጎብኚዎችና ከሕፃናት ጋር ሆኖ ያያል።»

የልጁ ጆሮ ቀላ። ለፈተና እንኳን እንዲህ ሲጨነቅ አላየነውም። «ከሕፃናት ጋር?» አለ ቀስ ብሎ።

ኤድዊንና ኢዞቤል ተጠሩ።

«በኮረብታው ነው ያመጣሁት» አለ ኤድዊን። «እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ልጁ ንጹሕ ላይኛ ነው፤ ቁመቱን አታዩም?»

«ሂድ ወዲያ!» አለች ኢዞቤል። «እኔ ከጎንህ አልነበርኩም? በባሕሩ ዳር ነው የመጣነው!»

«አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«አንተ ስትነዳ የሚተኛ የሞተ ብቻ ነው!»

ካፌው ወዲያው ተከፈለ። ላይኞች ከኤድዊን ኋላ፣ ታችኞች ከኢዞቤል ኋላ ወንበር ጎተቱ። ሪታ ላይኛ ናትና ለታችኞች ሻይ መቅዳት አቆመች። ማንሲ ጉልበታቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ። ከዚያ፣

«ሰው ይዋሻል» አሉ። «ሆድ ግን አይዋሽም። ልጁን እንደዚያ ቀን አጋድሙት፣ ፊቱን ሸፍኑት፣ በሁለቱም መንገድ ንዱት። ሆዱ የሚያውቀውን መንገድ ይናገራል።»

በማግስቱ ከሰዓት ቶርዩስ ጆንያዎቹ ላይ ተጋደመ፣ ብርድ ልብሱ ተጣለበት። ማንሲ በምስክርነት ፊት ተቀመጡ። ግማሽ ከተማ በየመኪናው ተከተለ፤ መንገድ የሚያቋርጡ ሰዎች የቀብር ሰልፍ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኤድዊን በኮረብታው መንገድ የነዳው ነዳጅ የሰረቀ ይመስል ነበር። ኩርባው ላይ ቫኑ በሁለት ጎማ ቆመ።

«ሆዱ አወቀው!» ብሎ ጮኸ ኤድዊን፣ ከኋላ ልጁ ሲያስታውክ ሲሰማ።

«አንተ እንዲህ ከነዳህስ የእኔም ሆድ አውቆታል» አሉ ማንሲ፣ ቢጫ ሆነው።

የባሕሩን ዳር ኢዞቤል ነዳች። እሷም ከባሏ ላለማነስ እያንዳንዱን የድንጋይ ንጣፍ ጉብታ በስሙ ጠርታ ረገጠችው። የልጁ ሆድ አሁንም መሰከረ። ማንሲ «እንግዲህ ለሁለቱም መስክሯል፣ ባዶ ነው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ወደቡ ጥግ ካለው የተጠበሰ ዓሣ መሸጫ አጠገብ ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፅ መጣ።

«ይቺን ሽታ አውቃታለሁ! ያን ቀን መኪናው ቆሞ ነበር። ኢዞቤል 'ኤድዊን፣ ለአንተም ልግዛልህ ወይ?' ስትል ሰምቻለሁ። እሱም 'ኮምጣጤውን አብዝተሽ' አለ። ልሞት ስል ስለነበር አልረሳውም።»

ቫኑ ቆመ፤ ከየመኪናው ወርዶ የከበበው ሁሉ ዞሮ ኤድዊንን አየ።

«አንተ!» አለች ኢዞቤል። «ዓሣውን በልተህ መንገዱን ካድክ?»

ኤድዊን ጆሮውን አከከ። «ዓሣው… አሁን ትዝ አለኝ። ጥሩ ዓሣ ነበር።»

«ታችኛ ነው» አሉ ማንሲ፤ ፍርዱ ጸደቀ። ቶርዩስ ብርድ ልብሱን ወርውሮ ተነሣና ገርጥቶ፣ አፉ ዳር እንትን እንዳለበት፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁሉ ጨበጠ። ያን ቀን የተጨበጠ ሁሉ እጁን ታጠበ፤ ቅር ያለው ግን የለም።

ኤድዊን ግን ሦስት ቀን አኩርፎ «ይቺ ሹራብህ ደግሞ ታስነጥሰኛለች» ሲል ሰነበተ። እውነቱን ነው፤ ቶርዩስ እናቱ የሠራችለትን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ከለበሰ ኤድዊን ከአንድ ክፍል ውስጥ ሲያስነጥስ ጎረቤት «ይማርህ» ይላል።

የገና ዕለት ኳሷ ተወረወረች። እኔ ሪታ ካፌ ውስጥ ሆኜ በሳንቃው ቀዳዳ አየሁ። ሁለት መቶ ሰው አንድ እንስሳ ሆነ፤ ከላዩ እንፋሎት እንደ ድስት ይወጣል። ላይኞች ገፉ፣ ታችኞች ገፉ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ካፌው አጠገብ ካለው መሸታ ቤት ሥር ግፊያው ወደ እኛ ግድግዳ ተጠጋና ንግግሩ ሳይቀር ይሰማ ጀመር። መሀል ላይ ኤድዊን ኳሷን ሆዱ ላይ አቅፏል፤ ፊቱ ደግሞ የቶርዩስ ደረት ውስጥ ገብቷል። እጅ ማንቀሳቀስ ለሁለቱም የለም።

«ቶርዩስ፣ ልጄ» አለ ኤድዊን፣ ሱፍ አፉ ውስጥ ሆኖ፣ «ወደኋላ በል። ማን ነው የሚያበላህ?»

«ኢዞቤል።»

«ማን ነው የሚነዳህ?»

«እሱን አታንሣው!»

«ወደኋላ በል እልሃለሁ፣ ሹራብህ… ሹራብህ… ኧ…»

«ይቅርታ፣ ከኋላዬ ሰማንያ ሰው አለ።»

ኤድዊን አስነጠሰ። እንዲህ ያለ ማስነጠስ ደሴቱ አይቶ አያውቅም፤ እርግቦች ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ተነሡ። እጁ ላላ፤ ኳሷ እንደ እርጥብ ሳሙና ወጣች። አንድ ታችኛ ያዛት፣ ሌላው ተቀበለው፣ እንስሳው ሁሉ ቁልቁል ተንከባለለ። ላይኞች ሊያስቆሙት ቢሞክሩም እነሱም አብረው ተንከባለሉ። ኳሷ ወደቡ ውስጥ ገባች፤ ከኋላዋም በደስታ ያበዱት ታችኞች። ቶርዩስን ማንም አልጠየቀውም፤ አንሥተው ወረወሩት። ውሃው ውስጥ የቆየው አንድ ጩኸት ጮኾ እስኪወጣ ድረስ ነው።

ሳንቃው ሲነሣ ሁሉም ሪታ ካፌ ገባ። ቶርዩስ አንድ ጫማ አድርጎ፣ ከሹራቡ ውሃ እያንጠፈጠፈ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ኢዞቤል ፀጉሩን በፎጣ ታሻለች። ኤድዊን በሩቅ ተቀምጦ ያስነጥሳል። ወሬው የተወለደው እዚያው፣ በፎጣውና በማስነጠሱ መሀል ነው።

ቶርዩስ ወሬውን ሙሉውን የሰማው ሊሄድ ሲል፣ ሻንጣው ቫኑ ላይ ተጭኖ ነው። ከዋናው ምድር የመጣ አንድ ዕቃ ሻጭ ካፌው ውስጥ ይተርክ ነበር፤ ሹራቡን፣ ባሕሩን፣ ቤርገንን፣ እናትየውን።

«የት አለ ያ ኖርዌያዊ?» አለ ሻጩ። «እጁን ልጨብጠው።»

ካፌው ሁሉ ወደ ልጁ ዞረ። ቶርዩስ ኩባያውን አስቀመጠ።

«ውሸት ነው» አለ። «ኳሷን በእጄ አልነካኋትም። ሹራቤ ውስጥ አልገባችም። አልዋኘሁም፤ ወረወሩኝ፣ አወጡኝ። ቤርገን አልሄድኩም፣ እናቴም ኳስ አላየችም። ኖርዌያዊ የሚባልም እዚያ አልነበረም። የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ታችኛ ነኝ።»