ምላስ የሚቆነጥጠው ውሃ

እናቴ እህል መቅመስ ባቆመችበት ሰሞን ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅ ሆና ከሊማሊሞ በታች፣ ቆላው ውስጥ የጠጣችውን ውሃ። ሳይሞቅ እየተንፈቀፈቀ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ ውሃ ነው። ሆዴን የሚያሳርፍልኝ እሱ ብቻ ነው ትላለች። ሐኪሞቹ የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ብለው ከጎንደር መልሰዋታል። ምንጩ ድረስ እንዳልወስዳት ቀና ብላ መቀመጥም አትችልም።

እኔ ደባርቅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቅዳሜ በሚኒባስ ወረድኩ፤ ከመንገዱ ወዲያ ያለውን በእግሬ ሄጄ፣ በቀትር ፀሐይ ጀሪካን ሞልቼ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ውሃው ለብ ብሏል። ብቀምሰው ምንም አይቆነጥጥም። እናቴ አንዴ ተጎንጭታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምክንያቱን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ምላስ የሚቆነጥጠውን ጋዝ ውሃው ውስጥ አምቀው የሚያቆዩት ቅዝቃዜና ግፊት ናቸው። ውሃው ሲሞቅ፣ ወይም ከላዩ የሚጫነው ሲቀልለት፣ ጋዙ ጥሎት ይወጣል። እኔም ክዳኑ በላላ ጀሪካን፣ በሙቀት፣ አየሩ ወደሳሳበት ደጋ ይዤው ወጥቼ ነበር።

በሳምንቱ ቆላ ዘመድ ቤት አደርኩና ፀሐይ ሳትወጣ ምንጩ ደረስኩ። አዲሱን ጀሪካን ውሃው ውስጥ ነክሬ እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑን አጥብቄ በጎማ ጠፈርኩት፤ በእርጥብ ጆንያም ጠቀለልኩት። ልቤ ሙሉ ነበር።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ጀሪካኑ እግሬ ሥር ማበጥ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት አዩትና ቤንዚን ሳይሆን አይቀርም ብለው ተነሱ። ሰዉ ተንጫጫ፤ ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ውሃ መሆኑን፣ እናቴም መታመሟን ነገርኳቸው። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው።

«ውሃ ከሆነ ክፈቺውና እንየው፤ ካልሆነ ውረጂልን» አለኝ።

ብወርድ ሌላ መኪና እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ሊሞቅ ነው። ከፈትኩት። ፍስስ ብሎ አረፋው ክንዴ ላይ ፈሰሰ፣ ወለሉን አራሰው። ከደንኩት፤ ግን እጄ ላይ የቀረው ተራ ውሃ መሆኑ ገብቶኛል። እኚያ እናት ይቅርታ ጠየቁኝ። ጀሪካኑን በጆንያው መልሼ ጠቀለልኩት።

ቤት ደርሼ ራሷን ደገፍኩና በብርጭቆ ሰጠኋት። ትንሽ ዋጠች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች። ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ ደግሞ፣ «እሱ ግን አይደለም።»

ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ አልኳት።

«ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። ከእንግዲህ ምንም አያሰኘኝም።»

እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ሳቀርብላት አፏን አትከፍትም፤ ከንፈሯን በጥጥ አረጥብላት ነበር። ቅዳሜ ሳይደርስ ሞተች። ለቀስተኞቹ በቤቷ፣ በልጇ እጅ አለፈች፣ ታድላ አሉ። ሊያጽናኑኝ መሆኑን አውቃለሁ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው፤ አንዱም ቃል ውስጤ አልገባም። ዛሬም አልገባም።