ማሽላዋን ቀድመን ያጨድንላት ሴት

ጥሩሐረግን ከጽጽቃ በላይ ባለው ቀበሌያችን የማያውቃት የለም። የወንፈሉን ተራ የምትይዘው እሷ ናት፤ ማን ለማን ስንት ቀን እንዳጨደ ያለ ወረቀት ታውቃለች። ተራ የሚዘል ሰው ካገኘች ገበያ መሀል ታዋርደዋለች። እኔንም ሁለት ጊዜ ሰድባኛለች፤ ደግ አደረገች። አንድ ልጇ መልአኩ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በየመን በኩል ከወጣ ወዲህ ስልኳን ከመቀነቷ አትለይም። ድምፁ ከጠፋ ሰባት ወሩ ነው።

በኅዳር ፍቅርአዲስ የምትባል ተመራማሪ ከሰቆጣ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ሠላሳ ሰው ጠየቀች፦ ቁጡ ነህ? ለማን ቀድመህ ትደርሳለህ? ከመልሳችን ሠላሳ ሰው በማሽኑ ውስጥ ሠራች፤ ስማችንም ጠባያችንም ያላቸው፣ እርስ በርስ እያወሩ ወንፈል የሚገቡ። ችግር ሲመጣ ሰው ይረዳዳል ወይስ ይበታተናል የሚለውን ለማየት ነው አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ሰብስባን የማሽኑ ሰዎች ያሉትንና ያደረጉትን አነበበችልን። እዚያ ውስጥ እኔ እንደ ልማዴ እነጫነጫለሁ። ሰው ሳቀ። ጥሩሐረግ ግን አልሳቀችም።

«ልጄ፣ እስቲ ድገሚው። ተራው የዚህ የካሳ አልነበረም?»

«ነበር፣ እማማ። ግን ሁሉም ተራቸውን ትተው የእርስዎን ማሳ አጨዱ። አሥር ጊዜ ብሞክረውም ያው ነው። እንዴት ቢወዱዎት ነው!»

«ምን ይባባላሉ?»

«እርስዎ ሲመጡ ዝም ይላሉ። ሲሄዱ ደግሞ ‹ቆይ፣ እህሏ ጎተራ ይግባላት› ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።»

ይህን ቃል ለልጅቱ ማናችንም አልነገርናትም፤ ተማምለን ነበር። ለማን ቀድመን እንደምንደርስ ስትጠይቀን ግን ሁላችንም የጥሩሐረግን እህል አስቀድመን ኖሯል። መልአኩ ባሕር ላይ መቅረቱን አብሮት ከተጓዘው ሰው ከሰማን ወር ሆኖናል። መርዶ በእኛ ዘንድ በማለዳ ተሰብስቦ እንጂ እንዲሁ አይነገርም። እህሏ ሜዳ ላይ እያለ ሐዘን እንዳያስቀምጣት ብለን ደብቀናት ነበር። ለማርዳት የቀጠርነው ውቂያው ሲያልቅ፣ ለማክሰኞ ነው።

ጥሩሐረግ ዞራ ቁልቁል ማሳዋን አየች። ባለፈው ሳምንት ተራዋ ሳይደርስ አጭደን የጨረስንላት ማሳ ነው። ያኔ «ምን ነካችሁ?» ብላ ተቆጥታን፣ ስቀን አልፈናት ነበር።

«ካሳ» አለች። ካሳ መሬት መሬት አየ። ወደ እኔ ዞረች። ፈራሁ፤ አፈርኩም፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ያለ ተራዬ ስታጭዱልኝ ማወቅ ነበረብኝ» አለች።