በመቀነቴ የያዝሁት ስንዴ

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል የሆነውን ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም። ያስታወሰኝ የልጄ ሽልማት ነው።

ልጄ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል። ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲሸለም፣ እኔም በዚህ ጉልበቴ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ተማሪዎቹ የወላጆቻቸውን ዘር ከመዘራቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ቋጥረው፣ መብቀል አለመብቀሉን እንዲያዩ አስተምሯል ተብሎ ነው የተሸለመው። ልጄ ሽልማቱን ይዞ፣ «ይህን እናቴ በየዓመቱ ስታደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት» አለና ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ተቀመጥሁ። መጥራት የነበረብኝ የሌላ ሰው ስም ነበር። ሳልጠራው ቀረሁ።

ያን ጊዜ ልጄ ገና ጡት ይጠባል። ባለቤቴ ጫካ ገብቶ ነበርና ወታደሮች መጥተው ቤታችንን አቃጠሉት። እኔ ልጄን አዝዬ፣ የባለቤቴ አባት ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ገደል ሥር ተደብቀን ሰነበትን። ዝናቡ ሲበረታ ወጣን። ጭቃው እግር ይይዛል። ከቤታችን የቀረው እርጥብ ዓመድና ከወለሉ ሥር ያለው የስንዴ ጉድጓድ ብቻ ነበር። አማቴ የጉድጓዱን አፍ ሲከፍቱት የጭስ ሽታ ወጣ።

«ተመስገን፤ አልነኩትም» አሉ። ጾመ ሐዋርያት ስለነበር፣ «ዘንድሮስ ጾሙን ጣሊያን አርዝሞልናል» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው በሳል ተቋረጠ።

ሐሳባቸው ከላይ የሚወጣውን ቶሎ እንድንዘራው፣ ከታች የሚቀረውን እስከ እሸት እንድንበላው ነበር። እኔ ግን የላዩን አንድ ፍሬ ብነክሰው እንደ ቆሎ ተሰበረ። እሳቱ ከላዩ ላይ ሲነድ ነው የዋለው። ይህ ሞቶ ከሆነ፣ ሕያውን በልተን ሙቱን ዘርተን መቅረታችን ነው።

በአገራችን ምራት በአማቷ ፊት ቀና ብላ አትናገርም። ከተዳርሁ ጀምሮ ከአቤትና ከእሺ በቀር ቃል ሰጥቻቸው አላውቅም። ያን ቀን መሬት መሬቱን እያየሁ፣

«አባባ፣ ይቆዩ» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«እንደ ብቅል ነክሬ ልየው። ከላዩም ከታቹም።»

«ልጄ፣ ዝናቡ ይጠብቀናል?»

«አይጠብቅም።»

ሰማዩን ብዙ አዩት። «እንግዲህ እመቤቴ ታውቃለች። አድርጊው» አሉ።

ከላይ አንድ እፍኝ፣ ከታች አንድ እፍኝ ዘግኜ ነከርሁና በነጠላዬ ቁራጭ ለየብቻ ቋጠርሁ። ብርድ እንዳያስቀረው ቋጠሮዎቹን ከመቀነቴ ሥር ሆዴ ላይ አደረግሁ። ልጄ ከኋላዬ፣ ስንዴው ከፊቴ። ቀሚሴ ረጥቦ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ልጄ ያለቅሳል፤ ጡቴ ደርቋል። ሌላው ሰው ይዘራል። ጎረቤታችን በሬዎቹን እየነዳ ባለፈ ቁጥር፣ «እናንተ ሆይ፣ ብቅሉ ደረሰ? ጠላው ሲጠመቅ ጥሩኝ እንጂ!» ይላል። አማቴ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ «እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ልጁን ይሁን ስንዴውን አልለየሁም።

በመጨረሻ ብፈታው የላዩ አብጦ ሸትቷል። የታችኛው ነጫጭ ሥር አውጥቶ ጨርቁን ይዞታል። አማቴ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት።

የታችኛውን ዘራን። በሬ ያዋሰን ያው ጎረቤታችን ነው። የላዩን እየቆላን በላነው፤ ጭስ ጭስ ይላል። አማቴ፣ «የምታጠቢው አንች ነሽ» እያሉ የደረሳቸውን ወደ እኔ ይመልሱት ነበር። እሸቱ ሳይደርስ ዐረፉ። ባለቤቴ ሲመለስ ያገኘው የቆመ ስንዴና የአባቱን መቃብር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር የዘራሁት ዘር የለም። ልጄ የቤታችን ልማድ ይመስለው ነበር። ሰዎች አሁን እኔን ብልህ ይሉኛል። ብቅል ማብቀል የማታውቅ ሴት በአገራችን የለችም፤ ከባዱ የእሳቸው ነበር። የመዝሪያው ቀን እያለፈ፣ አንዲት ዝምተኛ ምራት ስለተናገረች ብቻ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።

ከሽልማቱ ማግሥት፣ እሑድ ጠዋት፣ ጉልበቴ እምቢ እያለኝ ተነሣሁ። ንጹሕ ስንዴ በእጄ ለቅሜ ለመገበሪያ ወደ ማርያም ይዤ ሄድሁ። ዲያቆኑ ከቤተ ልሔሙ በር ላይ ተቀበለኝ።

«እማማ፣ በልጅዎ ስም ነው? መሸለሙን ሰምተናል።»

«አይደለም» አልሁት። «ገብረ ማርያም በልልኝ። አማቴ ናቸው።»

በዙሪያው የቆመው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልሁት።